እናትህና የስረ ብዙ ቅጠል

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውዴ ዒምራን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የሎጊያ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ስለ እናትህ ስለሆነ ነው፤ የምንኖረው በአንዲት ክፍል ስለሆነ ደግሞ ሁሌም አጠገቤ ናቸው።

ጥቅምት ላይ ላብራቶሪያችን ውስጥ ያሉት የስረ ብዙ ብልቃጦች በሙሉ ሻገቱ። ተክሉን ሰው መድኃኒት ለሆነው ሥሩ ሲል እየነቀለ ጨረሰው፤ እኛ ከቅጠል ቁራጭ ብልቃጥ ውስጥ እያራባን ያንኑ መድኃኒት ልናወጣ ሁለት ዓመት ለፍተናል። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ መቁረጫውን በደንብ አላጸዳሁትም። አለቃዬ ጸሐዬ አልተቆጣኝም። "በወር ውስጥ አዲስ ተክል ካልተገኘ ሥራው ይዘጋል" ብቻ አለኝ።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከሰላምታ ሌላ ብዙም የማላነጋግራቸው እናትህ "ምን ሆንሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"ስረ ብዙ? ሥሩ ሲላጥ ቢጫ የሚሆነው? እንጨት ስንለቅም እናየው ነበር።"

በማግስቱ በዚያ በሚያማቸው ጉልበታቸው እንጦጦ ወጣን። ሁለት ሸለቆ ዞረን አጣን። "በቃ እንመለስ" ብላቸው "አንቺ ተመለሺ" ብለው በቂጣቸው እየተንሸራተቱ ወንዙ ዳር ወረዱ። አንዲት ተክል ከድንጋይ ጥግ በቅላለች! ከደስታዬ ብዛት ልነቅላት ስል እጄን ያዙኝ።

"ቅጠል ይበቃኛል አላልሽም? ተያት፣ ትኑር።"

የቀጠፍኳቸውን ቅጠሎች በበረኪና አጥቤ ቆራረጥኳቸው። ዛሬ ስልሳ ንጹሕ ብልቃጥ አለን፤ የትናንቱ ምርመራም መድኃኒቱ እንዳለበት አሳየ። ጸሐዬ ደውሎ እናትህን ሲያመሰግን "የለፋችው ልጄ ናት" አሉት። ልጄ! ከዚያ ዳገት ወዲህ ተቀምጠው ነው የሚሰግዱት፤ እንዳልነግርህ ስላስማሉኝ አልነገርኩህም።

ለዒድ መጥተህ ደሴ እህትህ ዘንድ ልትወስዳቸው ተስማምተን ነበር። ሐሳቡን ማን እንዳመጣው አታንሳብኝ። ለካ ሰምተው ኖሯል፤ ልብሳቸውን አጣጥፈው ሻንጣ ውስጥ ከተዋል። ዛሬ ጠዋት አንድ በአንድ እያወጣሁ ቁምሳጥኑ ውስጥ ከኔ ልብስ ጎን ሰቀልኩት። በር ላይ ቆመው አዩኝ። ከዚያ፣

"አረንጓዴውን ወደፊት አድርጊው" አሉ። "ለዒድ የምለብሰው እሱን ነው።"

አላህ ከመንገድ ክፉ ይጠብቅህ፣ ድካምህን በረካ ያድርግልህ። ለዒድ ና፤ የምትወስደው ሰው ግን የለም።

ሀውላ