ከመስታወቱ በፊት ሦስት ትንፋሽ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

በታላቅ ሐዘን ይገለጻል፦ የግራ እጅ ጓንቴ በዛሬው ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው ተተርትሮ። ቀብሩም የሥራ ባልደረቦቹ በተገኙበት በስብርባሪ መጣያው በርሜል ውስጥ ተፈጽሟል። ቀኙ ብቻውን ቀረ።

ገዳዩ ለቤተ መጻሕፍት መስኮት የታዘዘው መስታወት ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ሲሰበር ይህ ሁለተኛው ነው። ከእንጨት ማቆሚያው ልናነሳው አራት ሆነን ያዝን። እኔ እንደ ሁልጊዜው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» አልኩ... ቿ! እንደ ባለፈው ሁሉ ከታች፣ በአንጋፋው ተሸካሚያችን በጋሼ በኩል።

የመስታወት ቤቱ ባለቤት መጣ። «ማነው?» ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። እኔ ግን አፍ አለኝ አይደል? «የጋሼ እጅ ደክሟል» አልኩ። በቀልድ ነበር የጀመርኩት። ሰውየው አልሳቀም። «ሦስተኛ ከተሰበረ ጋሼ ወደ ቤታቸው» ብሎ ሄደ።

ለጡረታቸው ሰባት ወር ቀርቷቸዋል። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ ስብርባሪውን ይጠርጉ ነበር።

ታዲያ ዋሸሁ? የጋሼ እጅ ደክሟል። ይኸው፣ በጽሑፍም አስቀመጥኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

አዲስ ኃላፊ ተመደበችልን። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምጿ ከፍ የማይል። መስታወት ስትሸከም አሥራ ሁለት ዓመት ኖራለች አሉ። በየትኛው ትከሻዋ?

የመጀመሪያ ትእዛዟ፦ «ከማንሳታችሁ በፊት እጃችሁን መስታወቱ ላይ አድርጉና ሦስቴ ተንፍሱ። ቀልባችሁን ሰብስቡ። በሦስተኛው ትንፋሽ አንሱ። ቆጠራ የለም።»

ቆጠራ የለም?! ስምንት ዓመት የቆጠርኩ ሰው ነኝ። ከሦስት አልፌ ባላውቅም ሹመት ሹመት ነው።

«ትንፋሽማ ከተወለድን ጀምሮ አለን፣ እህት ዓለም» አልኳት።

«አለህ። በወሬ ጨረስከው እንጂ።»

አብረውን የሚሸከሙት ሁለቱ ወንድማማቾች ተንከተከቱ። የጋሼም ጢም ተንቀሳቀሰ መሰለኝ...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ስንተነፍስ ዋልን። ስም አወጣሁላት፦ እመት ትንፋሽ። በምሳ ሰዓት ለወንድማማቾቹ አሠራሯን እያስመሰልኩ ሳሳይ ለካ ከኋላዬ ቆማለች። «ከሆድህ መተንፈስህ ጥሩ ነው፤ ትከሻህን ልቀቀው» ብላኝ አለፈች። አልተቆጣችም! ሰው እንዴት አይቆጣም? በዚህ ተናደድኩ።

አንድ ነገር ግን... ዝም ባልንበት ታናሹ ወንድም እንደሚያነክስ አየሁ። ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አብሬው እየተሸከምኩ! ታላቁም ያየው ዛሬ ነው። ሳይታዘዝ ቦታ ቀየረው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ይህን ቀስ ብዬ ልጻፍ።

በመስታወቱ ልክ የተቆረጠ የእንጨት ሰሌዳ አስያዘችን። «ሌላውን አትዩ። የገዛ እጃችሁን ስሙ» አለች። ሰማሁ። አንደኛው ትንፋሽ... ሁለተኛው... ክንዴ ተነሳ። በራሱ! ሦስተኛው ሳይመጣ። በኔ በኩል ሽቅብ ሄደ፣ ሰሌዳው ተንጋደደ፣ ክብደቱ ሁሉ የጋሼ ማዕዘን ላይ አረፈና መሬቱን መታ። ጓ!

እንጨት ነዋ፤ አይሰበር።

ስምንት ዓመት «ሦስት» የምለው ለሌሎቹ ነበር ማለት ነው? እኔ «ሁለት» ላይ አንስቼ፣ ለሚቀጥለው ቀልድ እየተዘጋጀሁ...

ደገምነው። ያው። አሁን ግን ጋሼ መዳፋቸውን ከታች አስገብተው ደገፉት፤ የለመዱት መሆኑ ያስታውቃል። ስንቱን መስታወት እንዲህ አድነውልኝ ይሆን?

አርብ፣ ጥቅምት 8

ባለቤቱ መጣ። «ሦስተኛው መስታወት ሰኞ ይነሳል። እስኪሰበር አልጠብቅም፤ በጋሼ ቦታ ሌላ ሰው አግኝቻለሁ።»

ተነፈስኩ። ሦስተኛውን ጠበቅኩ።

«ሁለቱንም የሰበርኩት እኔ ነኝ። ቀድሜ ነው የማነሳው።»

ኃላፊዋን አያት። «እውነቱን ነው» አለች። «አሁን ግን ያውቀዋል። ሰኞ እነዚሁ አራቱ ያንሱት።»

«ከተሰበረስ?»

«እኔን ይጠይቁኝ።»

ከመጣች አራተኛ ቀኗ! ያቺን ትንሽ ትከሻዋን ከኛ መስታወት ሥር አስገባች። እኔ በቁመቷ ስቀልድ ነበር የሰነበትኩት።

ማታ ጋሼን በር ላይ ጠበቅኳቸው።

«ያውቁ ነበር?»

«ከድሮም።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«መች ዝም ብለህ!»

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ተነሳ።

አራት ሰው፣ አንድ መስታወት፣ ድምፅ የለም። ሦስተኛው ትንፋሽ ሲወጣ መስታወቱ በራሱ ፈቃድ የተነሳ ነው የመሰለኝ። ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ? ታናሹ ሲያነክስ ሦስታችንም እርምጃችንን አሳጠርን። ተማክረን አይደለም። መኪናው ላይ ታስሮ ሲያልቅ ዞር ብዬ ባይ ኃላፊያችን ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ለካ እሷም ፈርታ ነበር።

ጋሼ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና «በል፣ አሁን አውራ» አሉኝ። እኔ ግን ማስታወሻዬን አወጣሁ።

ማረሚያ፦ በጥቅምት 4 ቀን ማስታወሻ ላይ «የጋሼ እጅ ደክሟል» ተብሎ የሰፈረው ስህተት ስለሆነ፣ «የኔ አፍ አላርፍ ብሏል» ተብሎ እንዲነበብ በአክብሮት እናሳስባለን።