የመሻገሪያው ድንጋይ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ላይ ያለው ሕመም ለቀቅ አደረገዎት? እናቴስ፣ ያ ሳል ተሻላት? ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው? እኔ፣ ባለቤቴ ናዕማና ልጆቹ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም።

በስልክ ስነግርዎት «ይሁን፣ ይሁን» እያሉ ስለሚያልፉኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት። እህቴ ሰሀር ድምጿን ከፍ አድርጋ ታንብብልዎት፤ አንድም ቃል እንዳትዘል አደራ ብያታለሁ።

ጊደሯን ወንዙ እንደወሰዳት ከሰማሁ ወዲህ ሐሳብ ይዞኛል። የመሻገሪያው ድንጋይ ግንባሩ ደረቅ ነበር አሉ፤ ሰማዩም ጥርት ያለ። እርስዎም «እርጅና ነው፣ ዓይኔ ደክሟል» ብለው ራስዎን ወቀሱ። አባቴ፣ ዓይንዎ ምንም አልሆነ። የድንጋዩ ግንባር ከደረቀ እለፍ ብለው አያቴ እርስዎን፣ እርስዎም እኔን ያስተማሩት ምልክት ነው የከዳዎት።

ይህን የገለጠልኝ ጂራታ የሚባል ወዳጄ ነው። አቃቂ በሰቃ ከወፍጮ ቤቴ አጠገብ ብረት ይበይዳል፤ ወንድሙ አንድ ግድብ ላይ ተቀጥሮ ሠርቷል። ከሰዓት በኋላ የገላን ኮንዶሚኒየም ሴቶች እህላቸውን ይዘው ሲመጡ የእኔም ወፍጮ፣ የእሱም ማሽን አያርፍም። ከእናንተ በላይ ወንዙ ላይ ስለተሠራው ግድብና ስለ ጊደሯ ሳጫውተው ሥራውን አቆመና፣ «ሙህሲን፣ ከግድብ በታች ያለ ወንዝ ሰማዩን መስማት ትቷል። አሁን የሚሰማው የእኛን ማብሪያ ነው» አለኝ። ከተማው መብራት ሲያበዛ ውሃው ይለቀቃል፤ ሲቀንስ ይያዛል። እኛ እዚህ ሞተር ስናስነሳ እናንተ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ይሞላል። በየክረምቱ ጎርፉ ማሳዎን ያለብስልዎት የነበረው ለም አፈርም ግድቡ ውስጥ ቀርቷል፤ የማዶው በርበሬ የሳሳው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። መብራቱን እንዳልጠላው ልጆቼን የማበላው በእሱ ነው።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አምና ለአረፋ ስመጣ «ጎርፉን ግድቡ ይዞታል፣ ከእንግዲህ ወንዙ አያሰጋም» ብዬ ያደፋፈርኩዎት እኔ ነኝ። የከተማ ሰው ነኝ ብዬ የማላውቀውን ተናገርኩ። ጊደሯ በእኔ አፍ ሄደች፤ ይቅር ይበሉኝ።

ድልድዩ ሩቅ እንደሆነ፣ ዙሪያውም ለጉልበትዎ እንደሚከብድ አውቃለሁ። እንግዲያው እስክመጣ ወደ በርበሬው መሻገሩ ይቅር። ለአረፋ በድልድዩ ዞረን አብረን እናየዋለን፤ ቀስ ብለን፣ እየተቀመጥን። ውሃ ከመለቀቁ በፊት ለመንደሩ እንዲነገርም ሽማግሌዎቹን ይዘን እንጠይቃለን።

ሰሀር የእናቴን ጉልበት ትሳምልኝ። ሰሀርንና ባሏን ሱፍያንን፣ ያችን ትንሿን ልጃቸውን ሰዓዳንም ሰላም ይበሉልኝ። ጎረቤቶቻችንን በሙሉ እንደናፈቁኝ ይንገሩልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎት። አሁን ወፍጮውን ላስነሳ እጄን በዘረጋሁ ቁጥር፣ ይህን ጊዜ አባቴ የት ቆመው ይሆን እላለሁ። ወንዙን በእግር መሻገር ትቻለሁ ይበሉኝና ሰሀር ቃልዎን ጽፋ ትላክልኝ፤ ማብሪያውን ሳልፈራ ልጫነው።

ልጅዎ ሙህሲን
አቃቂ ቃሊቲ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.