ስለ ሽልማቱ በርሜል

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አንዳርጋቸው፣ የሐይቅ ዳር እህል መጋዘን ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እጅዎ ብርጭቆውን ሳያፈስ ከአፍዎ እንዲያደርስ፣ እግርዎም ደፍ ላይ ተተክሎ እንዳይቀር ዘወትር እመኛለሁ። ተራ የሰላምታ ቃል እንዳይመስልዎ፤ እኛ ቤት ሁለቱም ከጠፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

በመጋዘንዎ አሥራ አራት ዓመት የነቀዝ መድኃኒት የረጩት የአቶ ወልደ ዮሐንስ ባለቤት ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ንባብ የለመድሁት በርበሬና ጨው ተጠቅልሎበት ከመጣ ወረቀት ላይ ስለሆነ ስሕተት ቢያገኙብኝ ይቅር ይበሉኝ። በግድግዳ ጋዜጣው ሰሌዳ ላይ መለጠፌም፣ በእጅዎ የሰጠኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች በተኙበት እንዳይቀሰቀሱ አስቤ ነው።

1ኛ. ባለቤቴ ሲረጩ አፍና አፍንጫቸውን የሚሸፍኑት በነጠላዬ ቁራጭ ነበር። ጭምብል በጠየቁ ቁጥር በሚመጣው ዓመት ዕቅድ ተይዟል ይባሉ ነበር። አንዱን ጭምብል ስድስት ዓመት በትዕግሥት ስላቀዱልን አመሰግናለሁ።

2ኛ. በ1972 የሠራተኞች ቀን አሥራ ሁለት ኮከብ ሠራተኞች ባዶ የመድኃኒት በርሜል ተሸለሙ፤ ባለቤቴ አንዱ ነበሩ፤ እርስዎም ቆመው አጨበጨቡ። ጽሑፉ የውጭ ቋንቋ ነበር። በበርሜሉ ላይ የነበረው የራስ ቅል ሥዕል ደስ ስላላለኝ በአመድ ፈግፍጌ አስለቀቅሁት፤ አንድ ዓይኑ ብቻ እንቢ አለኝ። ከዚያ እንደ ጠላ ጋን በግራዋ አሸሁት፣ በወይራ አጠንሁት። ሽታው ሲጠፋ ንጹሕ ነው ብዬ አምስት ዓመት የመጠጥ ውሃችንን ያዝሁበት።

3ኛ. ባለቤቴ በልጅነታቸው ከቤተ ክርስቲያን ቁም ጽሕፈት የተማሩ ናቸው። መጀመሪያ የጠፋው ጽሕፈታቸው ነው፤ በመረከቢያ ደብተሩ ላይ ፊደላቸው እያነሰ እያነሰ ጤፍ አከለ። ቀጥሎ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እርስዎ በስብሰባ ፊት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የሚደብቀው አለው አሉ። ሐኪሙ ግማሽ ቀን የፈጀበትን ምርመራ በአንድ እይታ ስለጨረሱልን እናመሰግናለን። እሱ በሽታው ፓርኪንሰን እንደሚባል፣ መነሻው በውል እንደማይታወቅ፣ እንዲህ ያለው መርዝ ግን ሳያግዘው አልቀረም ብሎ እንደሚጠረጥር ነገረኝ።

4ኛ. ሐኪሙ ያላወቀውን መነሻ የእርስዎ ኮሚቴ አገኘው፤ ሚስቱ ጓያ አብልታው ነው ተብሎ ተጻፈ። ጓያ እግር እንደሚሰብር ዱርቤቴ ያደግሁ ሴት አላጣውም፤ ፊደል እንደሚያሳንስ ግን ከእርስዎ ተማርሁ። የምግብ ነገር ካነሱ፣ ጥቅምት ላይ እሸት ባቄላ በበሉ ቁጥር ጥቂት ቆይተው ሸሚዛቸውን ራሳቸው ሲቆልፉ ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። ለሐኪሙ ብነግረው አልሳቀብኝም፤ ያድናቸዋል ብለሽ ግን ተስፋ አታድርጊ አለኝ። አሁን እሸቱም አልፏል፤ የምቆልፈው እኔ ነኝ።

5ኛ. በባለቤቴ ምትክ የገባው፣ ክንዱ የሚባለው ልጅ የሚረጨው አፉን በሻርፕ አስሮ ነው። በሌሎቹ ተሸላሚዎች ቤት ያሉት አሥራ አንዱም በርሜሎች እስከ ዛሬ ውሃ ይቀዳባቸዋል። በየቤቱ ዞሬ ብናገር ሽልማታችን ዓይኗን አቃጠለው አሉኝ፤ ከመጋዘኑ ትእዛዝ ካልመጣ አንሰጥም አሉ። ስለዚህ ለባለቤቴ ምንም አልለምንም፤ የእሳቸው አልፏል። በርሜሎቹን ያስሰብስቡ፤ ለክንዱም ጭምብሉን ይስጡት። የሰጡትን መንጠቅ እንደሚከብድዎ አውቃለሁ፤ እኔም የሰጠሁትን ከባለቤቴ ሆድ መልሼ ማውጣት አልቻልሁም።

ደብዳቤ በመፈክር መዘጋት እንዳለበት አልዘነጋሁም። እናት ሀገር ወይም ሞት ከሚለው ለቤታችን የተመደበውን ስላወቅሁ፣ ቀሪውን ለእርስዎ ትቼ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ትእዛዝዎን በየቀኑ ከሰሌዳው ሥር ቆማ የምትጠብቅ፣
የሻሽወርቅ ዳኘው

ተጨማሪ፦ የእኛን በርሜል ባለፈው ሰኞ ለመጋዘኑ ዘበኛ መልሼ ነበር። ዛሬ ይህን ልለጥፍ ስመጣ ከቢሮዎ በር አጠገብ ታጥቦ፣ ውሃ ተሞልቶ፣ ኩባያ ተንጠልጥሎበት አገኘሁት። በአንድ ዓይኑ ለየሁት። የበደሉኝን ብቻ ባስብ ኖሮ ሲጠጡ እያየሁ ዝም እል ነበር፤ ግን ያጠጣሁትን ሰው በየቀኑ ስለማየው አልቻልሁም። አይጠጡ።