የመምህርቷ ፍሬን ሸራ

የሆዴ ልጅ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይቃናልሽ፤ በሄድሽበት ሰው አትጪ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ወገቡ ተሽሎት ከመኪና ስር ገብቶ ማንጎራጎር ጀምሯል። የጋራዡ ጣሪያም ማፍሰሱን ትቷል። ሹራብ ሳትደርቢ አትውጪ።

«የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ለባለመኪናው ስጡት፣ ሰው ያምናችኋል» ባልሽኝ መሠረት በሩ ላይ ጽፌ ሰቅዬ ነበር። ፎቶውን የጠየቅሽኝን ማስታወቂያ ግን አውርጄዋለሁ።

ፊደል ያስቆጠሩሽ መምህርት መኪናቸውን አመጡ። አባትሽ የፍሬን ሸራውን በአዲስ ቀየረላቸው፤ አሮጌውን ግን እኔ ስጠርግ ከቆሻሻ ጋር ጥዬዋለሁ። ጣልኩት ማለት ሞት መሰለኝ። ከጥግ ካለው የአሮጌ ዕቃ ክምር የሌላ መኪና ሸራ አነሳሁና በጨርቅ ጠቅልዬ፣ «ይኸው የእርስዎ» አልኳቸው። ገለጥ አድርገው አዩት።

«የኔ ሚጢጢ መኪና ይህን ያህል ፍሬን አላት እንዴ?» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። ፍሬኑ እንደተቀየረ እንኳ አላመኑም መሰለኝ፤ አሁን በደጃችን አልፈው ሌላ ጋራዥ ይሄዳሉ። አባትሽ «ምን አስቀየምናቸው?» ይለኛል። እኔ አንገቴን ደፍቼ የተወለወለ መፍቻ እወለውላለሁ። እሱ የሠራውን እውነት በውሸቴ አበላሸሁበት።

ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ለአባትሽ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ።

አምላክ እንደኔ ከማፈር ይሰውርሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ስትደውይ፣ ስልኩን ለእሱ ከማቀበሌ በፊት «ነገርሽው ወይ?» በይኝ።

እናትሽ