ወረቀት ላይ ብቻ ስለሚገኘው መንገዳችን

ለተከበሩ የባላንዱር ወረዳ ምክር ቤት የመንገድ ክፍል ኃላፊ
ኩዊንስላንድ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ደጃፍ አስፋልት የተስተካከለ፣ ወገብዎም እንደ እኛ ወገብ ከጉድጓድ ጉድጓድ ያልተንገላታ ይሁንልዎ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት እኔና ባለቤቴ ክላሪ ጡረታችንን ከጥቂት ላሞች ጋር የምናሳልፍበት መሬት ስንገዛ፣ እንደ አስተዋይ ሰው፣ መንገድ አለው ወይ ብለን አስቀድመን እርስዎን ጠይቀን ነበር። እርስዎም በማኅተም አስደግፈው «ይዞታው ሕጋዊ መግቢያ አለው» ብለው ጻፉልን። እኛ ሞኞቹ «መግቢያ» ማለት የሚገቡበት ነገር መስሎን ፈረምን። ምስጋናዬን እንደሚከተለው ዘርዝሬ አቀርባለሁ።

፩. ሻጩ የፖስታ ሳጥኑን፣ ማለትም አንድ አሮጌ ፍሪጅ፣ ከቤቱ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ ዋናው መንገድ ዳር አቁሞታል። እኔ «ውይ ሲያምር!» ብዬ ፎቶ አነሳሁት። የገጠር ሰው ፖስተኛው የሚመለስበትን ካየ መንገዱ የሚያልቅበትን ያውቃል። እኔ ደግሞ እዚሁ ነው ያደግኩት፤ ማፈሬ ይመዝገብልኝ።

፪. መሬቱን ያየነው በደረቁ ወር ነው። መንገዱ እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ ነበር። በመጀመሪያው ዝናብ ዋልካው መኪናችንን እስከ በሩ ዋጠው። የሰማንያ አንድ ዓመቱ ጎረቤታችን ኔቭ ትራክተሩን አስነስቶ መጣና፣ «አንቺ ልጅ፣ መሬት የሚገዛ ሰው ዝናብ ጠብቆ ነው የሚያየው ያለሽ የለም?» አለኝ። ክላሪ በመስኮት ብቅ ብሎ «ኔቭ፣ ስብከቱን ለእሁድ አቆየውና ገመዱን ሳብ!» አለው።

፫. ኔቭ ስቦ ካወጣን በኋላ፣ እየሳቀ፣ ሁልጊዜ የምንነዳው በእሱ የግጦሽ መሬት ላይ መሆኑን ነገረን። የእርስዎ መንገድ ካርታው ላይ ከዚያ ወደ ሰሜን ነው፤ ቦረቦሩን ይሻገርና ዋላቢ የሚባለው ትንሹ ካንጋሮ እንኳ ሁለቴ አስቦ በሚወጣው ገደል ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቢሮዎ ስደውል ትሑቱ ሠራተኛዎ፣ «ግሌኒስ፣ መንገዱማ አለ፤ ያልተሠራው ብቻ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለ ፍልስፍና ከመንገድ ክፍል አልጠበቅኩም ነበርና ከልቤ አመሰግናለሁ።

፬. ግሬደራችሁ ከፈረስ እሽቅድምድሙ በፊት የሜዳውን መግቢያ ሦስት ጊዜ እንደደለደለ ሰምቻለሁ። ማን እንደነገረኝ አልናገርም፤ ብቻ ከቢሮዎ ናት፣ ፀጉሯን ሐሙስ ሐሙስ ነው የምትሠራው። ፈረሶቹ እንኳን ደስ ያላቸው።

፭. አሁን ቀልዱን ላቁም። ኔቭ መሬቱን ሸጧል። አዲሱ ባለቤት በመጪው ወር የመጀመሪያ ቀን በሩን እንደሚቆልፍ በጨዋ ደንብ አሳውቆናል፤ መብቱ ነው። ክላሪ ግን ዳሌውን ታክሞ የሚወጣው በዚያው ሳምንት ነው። አምቡላንሱ በየት ይገባል ብዬ ስጠይቅ፣ ቢሮዎ «በሕጋዊው መግቢያ የመጠቀም ሙሉ መብት አለው» ብሎ መለሰልኝ። አምቡላንሱ በመብቱ ይኮራል፤ ክላሪ ግን አልጋው ላይ መድረስ ነው የሚፈልገው። የምለምነው ግሬደሩ ከፈረሶቹ ሲተርፍ ለአንድ ሳምንት እንዲመጣልንና ካርታው ላይ ያለው መንገድ መሬት ላይ እንዲወርድ ብቻ ነው።

የማኅተምዎ አድናቂ፣ የገደልዎ ጎረቤት፣ በሕግ ፊት ቤቷ የገባች፣ በእግሯ ግን ገና ደጅ የቆመች ታዛዥዎ፣

ግሌኒስ ታርበክ

ማሳሰቢያ፦ መልስዎን ከወሩ መጨረሻ በፊት ከላኩልኝ ፍሪጁ ውስጥ፣ የቅቤው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥልኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ፍሪጁ ጋ መድረስ ስለማልችል፣ እባክዎ እርስዎ ራስዎ ያምጡልኝ። በሕጋዊው መግቢያ ይምጡ፤ ገመድ እንዳይረሱ።