የአባትሽ መታሰር

ልጄ ኬሬሻ፣ ጌታ በባዕድ አገር ይጠብቅሽ። ልብሽን አጽንተሽ ስሚኝ፤ ቤታችን ላይ ከባድ ነገር ደርሷል፤ አባትሽ ታስሯል። (እማዬ እየተናገረች የምጽፈው ታናሽሽ ኦዴን ነኝ። እንባዬ አላስጽፍ አለኝ፤ የሳቅ ነው።)

ለሥራ ሆቴል ባደርሽ ቁጥር ያጠራቀምሽው የነጻ ማደሪያ ነጥብ ነግሪል ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ካለው ሆቴል አስገባን። ምግቡም ተከፍሎበታል ብትይኝም አላመንኩም፤ የተጠበሰ ዓሣ ይዤ ሄድኩ።

በሩ ላይ የእንግዳ ፕላስቲክ አምባር ሊያስሩለት ሲሉ አባትሽ እጁን ሰበሰበ። «ሳይታጠር መረቤን የጣልኩበት ባሕር ነው! ዛሬ እንደ ፍየል ታስሬ ልግባ?»

ዘበኛው የድሮ የጀልባ ጓደኛው ሊንቫል ነበር። «አንተ ሽማግሌ፣ እኔ እዚህ ቆሜ ስውል እግሬን እንኳ አላስነከሩኝም። ልጅህ ናት ያስገባችህ፤ ግባ!» አለው።

እጁን ዘርግቶ አምባሩን አሳሰረና ገባ። ጀልባውን ያቆም እስከነበረበት ዋኝቶ ተመለሰና ፊቱን አዞረብን። («ጨዋማ ውሃ ዓይኔ ውስጥ ገባ» አለ። እሺ አልኩት።)

ቤት ከተመለስን ወዲህ መቀስ ሳነሳ፣ «ያሰረችኝ ልጄ ናት፤ እሷው መጥታ ትፍታኝ» ይላል። እባክሽ ልጄ፣ ለገና ነይልን። ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ።

(አትደንግጪ፤ እስር ያልነው አንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ ናት። መቀስ ግን ይዘሽ ነይ፤ የቤቱን ደብቄዋለሁ።)