የቃሬዛ ተራ

ሐምሌ 4 ቀን 2006 ዓ.ም.
ሆዴ ላይ አራት ቀዳዳ አለ።

ውድ ባለቤቴ በላይነሽ፣

ኔትዎርክ ከጠፋ ሰነበተ፤ ይህን በዋናው መንገድ በሚያልፈው የሺሺንዳ አውቶቡስ እልክልሻለሁ። የምጽፈው ቦኖው ጋ ወረፋ ይዤ ነው። ቤት መቀመጥ አቅቶኛል። እነሳለሁ፣ በር ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። የያዝኩት ያቺን ትንሿን የዘይት ጀሪካን ነው። እትዬ አስካለማርያም ባዩኝ ቁጥር «ተድላ፣ ውሃው ለወፍ ነው?» ይላሉ።

ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሁሉ ቁስሉን ማየት ይፈልጋል። ሸሚዜን ስገልጥ በእኔ ፈንታ ያፍራሉ። ጎረቤታችን ሀብተ ማርያም «ይሄማ ቁንጫ የነከሰው ነው» ብሎ ሳቀ። የሐሞት ከረጢቴ በዚህ ወጣ ብል ማን ያምነኛል?

ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰምተናል። «ቆዳው ቶሎ ይገጥማል፤ ከሥሩ ያለው ግን ገና ነው። የእምብርቱን ቀዳዳ ከውስጥም ሰፍቼዋለሁ፤ ቢሆንም ክር ነው። ከባድ ነገር ካነሱ ይላቀቅና አንጀት በዚያው ይወጣል። ያኔ እንደገና ቢላዋ ነው።» አንቺም ከባድ ነገር እንዳላነሳ ቃል አስገባሽኝ። ሳስል እምብርቴን በመዳፌ እደግፋለሁ። ሆዴ እንዳይደርቅ ጎመን እበላለሁ።

ዛሬ የሀብተ ማርያምን ሚስት ዝማሬን ምጥ ይዟታል። በዚህ ጭቃ መኪና አይገባም፤ እስከ ዋናው መንገድ በቃሬዛ ነው። ከየቤቱ አንድ ትከሻ ይወጣል፤ ከእኛ ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ በሕመም ስጮህ ያን ዳገት ሙሉ የቃሬዛውን ፊት ለማንም ያላስለቀቀው ሀብተ ማርያም ነው፤ ከኋላ ኋላዬ እያለቀስሽ አይተሻል።

አሁን እዚሁ ቦኖው ጋ መጣ።

«ጋሼ፣ ተራዎት ነው።»

«ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ለቁንጫ ንክሻ?»

አሁን አልሳቀም።

«ዝናቡ ሊጀምር ነው፤ ጃንጥላ ልያዝላት» አልኩት። ወደ ቤቱ ሮጠ።

ከተሸከምኩ ክሩን፣ ካልተሸከምኩ ሰውየውን አጣለሁ። ወንድ ሰው ቃሬዛ ባለበት ጃንጥላ ይዞ ሲከተል ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ። ይበሉ። አልሸከምም።

የምፈራው ዳገቱን ነው። ያዳልጣል። አንዱ ተንሸራቶ ቃሬዛው ሲያዘነብል ባይ እጄ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም።

የእኔ ወረፋ ደርሷል፤ ውሃውን ግን እትዬ አስካለማርያም ይቅዱልኝ። ከላይ ሲጠራሩ ይሰማኛል፤ አንስተዋታል። ጃንጥላው ቤት ነው። ሄድኩ።

ቃል ያስገባሽው፣
ተድላ